የጥንዚዛ ክታብና የመተማ መንገድ፦ ስለ ግብፅ ትንንሽ ቅርጻ ቅርጾች የተሰጠ ሕዝባዊ ገለጻ



 የዛሬው ርእሴ በመጠን እጅግ ትንሽ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ርዝመቱ ከአንድ እስከ ሁለት ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ከአውራ ጣት ጥፍር እምብዛም አይበልጥም። በጥንታዊት ግብፅ የተቀረጸ፣ የጥንዚዛ መልክ ያለው፣ በሆዱ በኩል ጽሑፍ ወይም ሥዕል የተፈለፈለበት፣ ከራስ እስከ ጅራቱ የተበሳ ክታብ ነው። በዓለም ሙዚየሞች ስካራብ በሚለው ስም ይታወቃል።

ይህን ርእስ ከመተማና ከምዕራብ ጎንደር ቆላ ጋር ማያያዜ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊመስል ይችላል። መተማ ሲባል ወደ ሐሳባችን ቶሎ የሚመጣው በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ የወደቁበት ጦርነት፣ አለዚያም ሰሊጥና ጥጥ፣ አለዚያም የድንበሩ ኬላ ነው። እኔ ግን መተማን ዛሬ የማነሣው እንደ መንገድ ነው። ትንንሽ ዕቃዎች በመንገድ ይኖራሉ። በኪስ፣ በአንገት፣ በመቀነት ጫፍ ተቋጥረው ድንበር ይሻገራሉ። ለሚያጠናቸው ሰው የሚያቀርቡት ፈተናም ከዚሁ ጠባያቸው የሚመነጭ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ፍጡሩ ጥቂት ልበል። በክረምት መግቢያ በመተማ ወይም በቋራ ሜዳ ከብት ባለፈበት መንገድ የተራመደ ሰው፣ እበት አድበልብላ፣ ራሷን ወደ መሬት ደፍታ፣ በኋላ እግሮቿ ድቡልቡሉን እየገፋች የምትሄድ ጥንዚዛ አይቶ ያውቃል። ግብፃውያንም በዓባይ ዳር ያዩት ይህንኑ ነው። ድቡልቡሉ ከመሬት በታች ይቀበራል፤ ከጊዜ በኋላ አዲስ ጥንዚዛ ከአፈር ወጥታ ትበራለች። እኛ «እበት ትል ይወልዳል» ስንል በንቀት ነው። ግብፃውያን ግን በዚያው እበት ውስጥ ፀሐይን አዩ። በየማለዳው የፀሐይን ክብ ወደ ሰማይ የሚገፋውን አምላክ ኬፕሪ አሉት፤ በጥንዚዛም መሰሉት። በጽሕፈታቸው የጥንዚዛዋ ምልክት ኬፐር ተብሎ ይነበባል፤ ትርጉሙም መሆን፣ መፈጠር፣ ከአንዱ ሁኔታ ወደ ሌላው መለወጥ ማለት ነው።

የዘመናችን ሳይንስም ከዚህች ፍጡር ጋር የሰማይን ነገር አንሥቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት፣ በደቡብ አፍሪካ የሚገኙ የዚሁ ወገን ጥንዚዛዎች ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት አቅጣጫቸውን የሚጠብቁት ፍኖተ ሐሊብ ብለን በምንጠራው የከዋክብት ጭፍራ ብርሃን መሆኑን አሳይቷል። ግብፃዊው ቀራጺ ይህን ሊያውቅ አይችልም ነበር። ሆኖም ጥንዚዛዋንና ሰማዩን አንድ ላይ ለማየት የሚያስችል ትዕግሥት ነበረው።

ወደ አሠራሩ ልለፍ። ስካራብ በስፋት መሠራት የጀመረው ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ2000 ዓመት ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። አብዛኞቹ የተቀረጹት ስቲያታይት ከተባለው ለስላሳ ድንጋይ ነው። ይህ ድንጋይ በመዳብ ወይም በባልጩት መሣሪያ በቀላሉ ይፈለፈላል። ቀራጺው ጀርባውን፣ ጎኑንና ሆዱን ከጨረሰ በኋላ መስታወት መሰል ልባስ ይቀባውና በእሳት ይተኩሰዋል። እሳቱ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ልባሱን አቅልጦ በመዳብ ውሕድ ምክንያት አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ያደርገዋል፤ ለስላሳውንም ድንጋይ ያጠነክረዋል። ከዚህ ሌላ ፋያንስ ከሚባለው የተፈጨ የኳርትዝ ሊጥ በቅርጽ ማውጫ የተሠሩ አሉ። ከአሜቴስጢኖስ፣ ከካርኔሊያን፣ ከኢያስጲድ የተቀረጹም አሉ፤ እነዚህ ድንጋዮች ጠንካሮች ስለሆኑ ቀራጺው ብዙ ቀን ይደክምባቸዋል።

የአንድን ስካራብ ጀርባ በማጉያ መነጽር ብትመለከቱት ቀራጺው ጥንዚዛዋን በሦስት ክፍል እንዳያት ትረዳላችሁ። ከፊት ጥርስ ያለው ሰፊ ግንባር አለ፤ ቀጥሎ የደረት ጋሻ፤ ከዚያ በመሐል መስመር የተከፈለ የክንፍ ሽፋን። በጎን እግሮቹ ይታያሉ፤ አንዳንዱ ቀራጺ ፀጉራቸውን ሳይቀር ይጭራል፤ አንዳንዱ በአንድ መስመር ያልፋቸዋል። ተመራማሪዎች የስካራብን ዘመን ለመገመት የሚመረምሩት እነዚህን ዝርዝሮች ነው። ኦልጋ ታፍኔልና ዊልያም ዋርድ የጭንቅላቱን፣ የጀርባውንና የእግሩን ዓይነት በየክፍሉ መድበው ያካሄዱት ሥራ ለዘርፉ መሠረት ሆኗል። ሆዱ ላይ የተጻፈውን ብቻ አምኖ ዘመን መቁረጥ ያሳስታል። ለምሳሌ የሦስተኛው ቱትሞስ የንግሥና ስም መንኬፐርሬ ነው፤ ጥንዚዛዋ ራሷ በስሙ መካከል አለች። ይህ ስም ኃይል እንዳለው ስለታመነበት ንጉሡ ከሞተ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላም በስካራብ ላይ መቀረጹ አልቀረም። ስሙን ያነበበ ሁሉ ዘመኑን አወቀ ማለት አይደለም።

አገልግሎቱስ? አንደኛው መጠበቅ ነው። በአንገት ወይም በጣት ታስሮ ለባለቤቱ ኃይል ይሰጣል ተብሎ ይታመን ነበር። ሁለተኛው ማተም ነው። በመካከለኛው መንግሥት ዘመን ባለሥልጣኖች ስማቸውንና ማዕረጋቸውን በሆዱ አስቀርጸው፣ በር፣ ሣጥንና ደብዳቤ በጭቃ ያሽጉበት ነበር። ግብፃውያን በኑብያ በሠሯቸው ምሽጎች፣ በተለይም በኡሮናርቲ፣ በሺህ የሚቆጠሩ እንዲህ ያሉ የጭቃ ማኅተሞች በቁፋሮ ተገኝተዋል። የጎተራውን በር ማን እንዳሸገ፣ ከየትኛው ምሽግ ደብዳቤ እንደመጣ የምናውቀው ከእነዚህ የጭቃ ቁራጮች ነው። ሦስተኛው ለሙታን ነው። የልብ ስካራብ የሚባለው ተለቅ ያለው ዓይነት በሬሳው ደረት ላይ ይቀመጣል። የተጻፈበት ቃል ባለቤቱ ለገዛ ልቡ የሚያቀርበው ልመና ነው፤ በፍርድ ሚዛን ፊት በእኔ ላይ አትመስክር ይለዋል።

አራተኛው የመንግሥት ዜና ማሰራጨት ነው። ሦስተኛው አሜንሆቴፕ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ14ኛው መቶ ዓመት ትልልቅ ስካራቦች አስቀርጾ በግዛቱ አሰራጭቷል። እስከ ዛሬ ከ200 በላይ ይታወቃሉ። አንዱ በመጀመሪያዎቹ 10 የንግሥና ዓመታቱ ከመቶ በላይ አንበሳ በገዛ እጁ መግደሉን ይናገራል። ሌላው ለንግሥት ቲዬ ርዝመቱ 3,700 ክንድ የሆነ ሐይቅ ማስቆፈሩን ያወሳል። የጋብቻ ስካራብ የሚባለው ደግሞ የንግሥቲቱን ወላጆች ስም ከጠራ በኋላ የንጉሡን ግዛት ድንበር ይወስናል፤ በሰሜን እስከ ናሃሪን፣ በደቡብ እስከ ካሮይ። ካሮይ በኑብያ፣ በናፓታ አካባቢ እንደሆነ ይታመናል። እንግዲህ ከዚያ በስተ ደቡብ ያለው ምድር፣ የእኛ ቆላም ጭምር፣ በዚያች ጥንዚዛ ሆድ ላይ ከተሰመረው ወሰን ውጭ ነበር ማለት ነው።

ከወሰን ውጭ መሆን ግን ከመንገድ ውጭ መሆን አይደለም። ካርታውን በዓይነ ሕሊናችሁ ዘርጉት። የጓንግ ወንዝ ከጣና በስተ ሰሜን ካለው ደጋ ተነሥቶ ወደ መተማ ቆላ ይወርዳል፤ ድንበሩን አልፎ አትባራ ተብሎ ይጠራል፤ ተከዜን ተቀብሎ ከዓባይ ጋር ይገናኛል። የኩሽ ነገሥታት መዲና ሜሮዌ የምትገኘው ከዚያ መገናኛ በስተ ደቡብ ነው። የዓባይ ገባር የሆነውን የሽንፋ ወንዝ ብንከተል ደግሞ ሌላ ማስረጃ እናገኛለን። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 በኔቸር መጽሔት የታተመው ጥናት፣ ሽንፋ-መተማ 1 በተባለው ሥፍራ ከዛሬ 74,000 ዓመት ገደማ በፊት ሰዎች ዓሣ እያጠመዱ፣ የሰጎን ዕንቁላል እየተመገቡ በድርቅ ዘመን እንደኖሩ አመልክቷል። የጥናቱ ባለቤቶች በበጋ የሚደርቁት ወንዞች ለሰው ልጅ ጉዞ መንገድ ሆነው ሊያገለግሉ ይችሉ እንደነበር ይከራከራሉ። ይህ ከስካራብ ዘመን በእጅጉ የራቀ ነው፤ ሆኖም ቆላውን እንደ ባዶ ዳርቻ የማየት ልማዳችንን ያርማል።

ወደ ስካራብ ዘመን ስንቀርብ፣ ከመተማ በስተ ሰሜን በከሰላ አጠገብ ማሃል ተግሊኖስ የተባለው ሥፍራ አለ። ሮዶልፎ ፋቶቪችና ባልደረቦቹ በዚያ ባካሄዱት ቁፋሮ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛውና በሁለተኛው ሺህ ዓመት የኖረ ሕዝብ ከግብፅ የመጣ የሸክላ ስባሪና የፋያንስ ዶቃ እንደነበረው ታውቋል። እዚያው የጭቃ ማኅተሞችም ተገኝተዋል። ንብረትን በማኅተም የመጠበቅ ልማድ እስከ ኢትዮጵያ ደጋ ግርጌ ደርሶ ነበር ማለት ነው።

ወደ ደጋው እንውጣ። አንሪ ደ ኮንተንሶን እ.ኤ.አ. በ1959 በአክሱም አቅራቢያ በሐውልቲ ባካሄደው ቁፋሮ፣ ፕታሕ-ፓታይኮስ የተባለውን ድንክ አምላክና ሐቶርን የሚያሳዩ ትንንሽ ክታቦች ተገኝተዋል። በመጠራም ከካርኔሊያን የተቀረጸ የሐርፖክራጥስ ክታብ ወጥቷል። ፍራንሲስ አንፍሬ በየሐ መቃብሮች ያገኛቸው የነሐስ ማኅተሞች ደግሞ የአገር ውስጥ ሥራዎች ናቸው፤ የእንስሳ ቅርጽና ፊደል ይዘዋል፤ የአንድን ሰው ማንነት በመዳፍ በሚያዝ ዕቃ ላይ ማስፈር እዚህም የታወቀ ጥበብ እንደነበረ ያስረዳሉ።

በአክሱም የተገኘውና ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 በታተመው መጽሐፉ ሥዕሉን ያወጣው ዕቃም አለ። ሕፃኑ ሆረስ በአዞዎች ላይ ቆሞ እባብና ጊንጥ የጨበጠበት፣ ዙሪያው በሂሮግሊፍ የተሞላ ጽላት ነው። ግብፃውያን በእንዲህ ያለው ጽላት ላይ ውኃ አፍስሰው፣ በቃሉ ላይ ያለፈውን ውኃ እባብ ወይም ጊንጥ ለነደፈው ያጠጡ ነበር። ብሩስ ጎንደርን ለቆ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1771 መጨረሻ ነው፤ የተጓዘውም በራስ አልፊል በኩል፣ ማለትም በዛሬው የመተማ አካባቢ አልፎ ወደ ሰናር ነው። ከጎንደር ቤተ መንግሥት የራስ አልፊል ገዢነት ማዕረግ ተሰጥቶት እንደነበርም ራሱ ጽፏል።

እዚህ ላይ አንድ ፈተና ይገጥመናል። የእኛንም ክታብ እናውቃለን። ደብተራው በብራና ጽፎ፣ የባለቤቱን የክርስትና ስም አስገብቶ፣ አንዳንዴም ብራናውን በባለቤቱ ቁመት ለክቶ፣ በቆዳ ሰፍቶ ያስረዋል። በቆላው የሚኖሩ ሙስሊም ወገኖቻችንም የራሳቸው የተሰፋ ክታብ አላቸው። ጽሑፍ በሰውነት ላይ ታስሮ ይጠብቃል የሚለው እምነት፣ በቃል ላይ ያለፈ ውኃ ይፈውሳል የሚለው እምነት፣ ከግብፅ ወደ እኛ ተሻገረ ለማለት ይቃጣናል። እንዲህ ያለውን ድምዳሜ አልቀበልም። ሁለት ልማዶች መመሳሰላቸው አንዱ የሌላው ልጅ መሆኑን አያረጋግጥም። ዕቃው ተሻገረ ማለትም ትርጉሙ አብሮት ተሻገረ ማለት አይደለም። የሐውልቲዋን ክታብ የያዘው ሰው ፕታሕን ያመልክ ነበር፣ ወይስ የሚያምር ዶቃ አገኘ? ይህን ሊመልስ የሚችለው የተገኘበት ቦታ ብቻ ነው፤ ከምን ጋር ተቀበረ፣ በየትኛው የአፈር ንብርብር፣ በማን አጠገብ?

አሁን ለዚህ ገለጻ ምክንያት ወደሆነኝ ነገር እመጣለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሌላ ጥናት መተማ ዮሐንስ ሄጄ ነበር። በገበያው ዳር ጨሌና ዶቃ የሚሸጡ አንዲት እናት ማጉያ መነጽሬን አይተው ጠሩኝ። ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው አንዲት አረንጓዴ ጥንዚዛ በመዳፌ ላይ አኖሩ። «ልጄ፣ አንተ የተማርክ ትመስላለህ፤ ይህ ምንድን ነው?» አሉኝ።

ተመለከትሁት። የቀዳዳው ጠርዝ ስለታም ነበር፤ ክር ያላለሰለሰው። እግሮቹ በግድየለሽነት በአንድ ጭረት ታልፈዋል። በሆዱ ያሉት ምልክቶች ሂሮግሊፍ ይመስላሉ እንጂ አይነበቡም። ደቂቃ አልፈጀብኝም። «እማማ፣ ይህ ለቱሪስት የሚሠራ ነው፤ ዋጋ የለውም» አልኋቸው። ዕቃቸውን ከእጄ ወስደው መልሰው ቋጠሩትና «ዋጋውን መቼ ጠየቅሁህ?» አሉኝ።

በዚያን ጊዜ ፈገግ ብዬ አለፍሁ። ወደ ጎንደር ስመለስ ግን በመንገድ ላይ ሦስቱን ማስረጃዎቼን መመርመር ጀመርሁ። ቀዳዳው አለመለስለሱ ዕቃው ሳይታሰር ለመቃብር የተሠራ ከሆነም ሊያጋጥም ይችላል። እግሮቹ በአንድ ጭረት መታለፋቸው በጥንቱም ዘመን የተለመደ ነው። የማይነበብ ጽሑፍም ብቻውን የሐሰት ምልክት አይደለም፤ ከግብፅ ውጭ፣ በከነዓንም በኑብያም፣ ሂሮግሊፍ የማያነብቡ ቀራጮች ምልክቶቹን ለውበታቸውና ለኃይላቸው ብቻ አስመስለው ይቀርጹ ነበር። ያ ዕቃ አዲስ ሥራ ሊሆን ይችላል፤ ምናልባትም ነው። እኔ ግን አላረጋገጥሁም። ከሁሉ በላይ መጠየቅ የሚገባኝን አንድ ጥያቄ አልጠየቅሁም፤ ከየት አገኙት? በሚቀጥለው ዓመት ስመለስ እኒያን እናት በቦታቸው አላገኘኋቸውም። ጎረቤቶቻቸውም ወዴት እንደሄዱ አላወቁልኝም።

ይህን የምነግራችሁ ስሕተቱ የእኔ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር፣ ትምህርት እንዲሆን ነው። ጉዳዩ ዛሬ ከዚያን ጊዜ ይልቅ ከብዷል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 በሱዳን ጦርነት ከተቀሰቀሰ ጀምሮ በካርቱም የሚገኘው የሱዳን ብሔራዊ ሙዚየም ተዘርፏል። ትልልቆቹ የድንጋይ ሐውልቶች ከነበሩበት ለመንቀሳቀስ ከበዱ፤ ወርቁና ትንንሹ ዕቃ ግን ጠፋ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 የሱዳንን ቅርስ ከመግዛትና ከመሸጥ ሁሉም እንዲቆጠብ ጥሪ አቅርቧል። በዚያው ጦርነት ብዙ ሺህ ሰዎች በመተማ በኩል ተሰድደው ወደ አገራችን ገብተዋል። ልጆቻቸውንና በእጃቸው የቻሉትን ይዘው የወጡ ናቸው። ማንንም በጥርጣሬ እንድታዩ አላሳስብም፤ የአያቱን ዶቃ በአንገቱ ያሰረ ስደተኛ ሌባ አይደለም። ነገር ግን በመዳፍ የሚያዝ ነገር በቀላሉ የሚሰረቅ፣ በቀላሉም የሚሻገር መሆኑን የዚህ ዘርፍ ተማሪ ሊዘነጋ አይገባም።

የራሳችንም ቆላ ከአደጋ ውጭ አይደለም። ሰፋፊ የሰሊጥና የጥጥ እርሻ በየዓመቱ አዲስ መሬት ይገለብጣል። አርሶ አደሩ ወይም የቀን ሠራተኛው በማረሻው ጫፍ የሚያወጣትን ዶቃ የሚያሳየው ለሚቀርበው ሰው ነው። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በአጋጣሚ ያገኘ ሰው ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት እንዲያስታውቅ ይደነግጋል። አዋጁ ጥሩ ነው፤ ሆኖም ያገኘው ሰው የሚያናግረው የመጀመሪያው የተማረ ሰው «ዋጋ የለውም» ብሎ ካለፈው፣ ዕቃው ወደ መሥሪያ ቤቱ የሚደርስበት መንገድ እዚያው ይዘጋል።

ስለዚህ ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ አንድ የአሠራር ሥርዓት ይዛችሁ እንድትሄዱ እለምናለሁ። ትንሽ ዕቃ ሲያሳዩአችሁ፣ እውነተኛ ነው ወይስ ሐሰተኛ የሚለውን ጥያቄ ወደ መጨረሻ አቆዩት። በመጀመሪያ ባለቤቱን አዳምጡ፤ ዕቃውን በምን ስም ይጠሩታል፣ ለምን ያኖሩታል? ቀጥሎ የት፣ መቼ፣ በማን እጅ እንደተገኘ፣ አብሮት ምን እንደነበረ መዝግቡ። ከመለኪያ ጋር ጀርባውን፣ ሁለቱን ጎኖች፣ ሆዱንና የቀዳዳውን ሁለት አፍ ፎቶግራፍ አንሡ። አትግዙ፤ ዋጋም አትናገሩ። ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አስታውቁ። ብያኔው ከዚህ ሁሉ በኋላ ሊመጣ ይችላል፤ ብያኔው ቢዘገይ ጉዳት የለውም፤ ያልተጠየቀ የመገኛ ቦታ ግን ተመልሶ አይገኝም።

እኒያ እናት የጠየቁኝ «ይህ ምንድን ነው?» ብለው ነበር። እኔ የመለስሁት ለሌላ ጥያቄ ነው። ከመካከላችሁ የመተማ፣ የቋራ፣ የገንዳ ውኃ ልጆች እንዳላችሁ አውቃለሁ። ለእረፍት ስትመለሱ ገበያውን የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ ቋንቋውን፣ ሰውን፣ ማንን በምን ሰዓት መጠየቅ እንደሚገባ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ከእኔ የተሻለ ትጠይቃላችሁ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።